ዘ ዶት፦ ለልጆች የተጻፈ፣ መምህር ሊያነበው የሚገባ

ስለ በራስ መተማመን ተብለው ከተጻፉት ባለሥዕል የሕፃናት መጻሕፍት አብዛኞቹ አይጥሙኝም። ገና ሽፋናቸውን ስታዩ መጨረሻቸውን ታውቁታላችሁ። ፈሪዋ ጥንቸል ደፋር ትሆናለች፣ የጫካው እንስሳት በሙሉ ያጨበጭቡላታል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «አንተም ትችላለህ» የሚል ነገር ተለጥፎ ይገኛል። ልጆች ሊመከሩ መሆኑን በመለየት ማንም አያህላቸውም። አንዴ ከገባቸው በአፋቸው «እሺ» እያሉ በእግራቸው የፊተኛውን ልጅ ወንበር ይመታሉ። እኔ በአንደኛ ደረጃ ታችኛው ክፍል ንባብም ሥዕልም ስለማስተምር ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ በብዛት በእጄ ያልፋል። ከሁሉም ውስጥ ዓመት በመጣ ቁጥር መልሼ የማነሣው የፒተር ኤች. ሬይኖልድስን «ዘ ዶት» ነው፤ «ነጥቧ» እንደማለት።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2003 በካንድልዊክ ፕሬስ የታተመ ነው። እንደ ብዙዎቹ ባለሥዕል መጻሕፍት 32 ገጽ ብቻ አለው፤ ቃላቱም ጥቂት ስለሆኑ ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት እንኳ ሳታስቡት ያልቃል። ፊደሉ የማተሚያ ቤት ፊደል አይደለም፤ ደራሲው ራሱ በእጁ የጻፈው ነው። ሥዕሎቹን የሠራው በውሃ ቀለም፣ በብዕር ቀለምና በሻይ ነው። አዎ፣ በሚጠጣው ሻይ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ከታሪኩ በላይ የሚገርማቸው አሉ፤ አንዱ «ስኳር ገብቶበታል?» ብሎ የምሩን ጠይቆኛል። እንዲህ ያለች ትንሽ መረጃ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ሥዕል የሚሠራው ከሱቅ በተገዛ ውድ ቀለም ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን ልጅ አንድ በር ትከፍታለች።

ታሪኩ ይህ ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜ አልቋል፤ ቫሽቲ የምትባል ልጅ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ወረቀቷ ባዶ ነው። መምህሯ ጎንበስ ብላ ባዶውን ወረቀት ታይና በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ያለ ነጭ ድብ እንደሆነ አድርጋ ትቀልዳለች። ቫሽቲ ቀልዱ አላሳቃትም፤ መሳል አልችልም ትላለች። መምህሯ አንድ ምልክት ብቻ አድርጊና ወዴት እንደሚወስድሽ እዪ ትላታለች። ልጅቷ በንዴት ማርከር ታነሣና ወረቀቱን ትወጋዋለች። አንዲት ነጥብ። መምህሯ ወረቀቱን አንሥታ በጥሞና ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ መልሳ ትገፋውና ቀስ ብላ ፈርሚበት ትላታለች። መሳል ባይሆንላት ስሟን መጻፍ አያቅታትምና ትፈርማለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍል ስትገባ ያቺው ነጥብ በጥምዝምዝ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ሆና ከመምህሯ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅላለች።

ሌላ ደራሲ ቢሆን ልጅቷን እዚህ ላይ ያስለቅሳት፣ ወይም መምህሯ አንገት ላይ ይጠመጥማት ነበር። ቫሽቲ ግን ከዚህ የተሻለ ነጥብማ አያቅተኝም ብላ ነክታው የማታውቀውን የውሃ ቀለም ትከፍታለች። ቀይ ነጥብ፣ ሐምራዊ ነጥብ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሰማያዊውን ከቢጫ ስትቀላቅለው አረንጓዴ ይወጣላታል። ትናንሽ ነጥቦች ከሠራች ትላልቅም መሥራት እንደምትችል ታስብና ትልቅ ብሩሽና ትልቅ ወረቀት ታነሣለች። ነጥቡን ሳትቀባ ነጥብ የምታሳይበት መላም ታገኛለች። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የሥዕል ትርዒት ይመጣል። አንድ ትንሽ ልጅ ጠጋ ብሎ ያደንቃታል፤ እሱ ግን በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር እንደማይችል ይነግራታል። ባዶ ወረቀት ትሰጠዋለች፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠማማ መስመር ያሰምራል። እሷም በተራዋ እንዲፈርምበት ትጠይቀዋለች።

ብዙ ሰው ይህን የቫሽቲ ታሪክ አድርጎ ያነበዋል። እኔ የመምህሯ ታሪክ አድርጌ ነው የማነበው፤ ለዚህም ነው ከልጆቹ ይበልጥ ለመምህራን የሚያስፈልገው የምለው። ሴትየዋ የማታደርጋቸውን ነገሮች እስቲ ተመልከቱ። «ጎበዝ» አትልም። «ትችያለሽ፣ ማን ነው አትችዪም ያለሽ?» አትልም። እርሳሱን ከልጅቷ እጅ ወስዳ «እንዲህ ነው» ብላ አታሳያትም። ይህ የመጨረሻው የሁላችንም በሽታ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ቤት ስላችሁ «አሁን እናንተ ሳሉ» በሉ፤ በክፍሉ የተማሪ ቁጥር ልክ ተመሳሳይ ቤት ትሰበስባላችሁ፣ የጭስ ማውጫው ጭስ ሳይቀር ወደ አንድ አቅጣጫ ነፍሶ።

«ጎበዝ» ስለሚለው ቃል ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ ባሳተሙት ጥናት፣ የተሰጣቸውን ጥያቄ ሲጨርሱ ብልህ ናችሁ የተባሉ ልጆች ለቀጣዩ ዙር የማያሳፍራቸውን ቀላል ሥራ ወደ መምረጥ አዘነበሉ፤ ጥሩ ለፍታችኋል የተባሉት ደግሞ አዲስ ነገር የሚያስተምራቸውን መረጡ። እኔ ራሴ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ «ጎበዝ» እንደምል ቢቆጠር ጉድ ነው፤ ከአፍ የሚወጣ ልማድ ሆኗል። የቫሽቲ መምህር ግን ብልህነትንም ልፋትንም አላሞገሰችም። ነጥቧን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ልጅቷ በንዴት የጣለችው ነገር ሊታይ የሚገባው መሆኑን የምታውቀው ከመምህሯ ዓይን ነው።

ዝምታዋም ሌላ ትምህርት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ በወሬ ቀላል ናት። ልጆች ፊት ቆማችሁ ሞክሩት፤ አፋችሁን ያሳክካችኋል። «ዘ ዶት»ን ሳነብ መምህሯ ወረቀቱን የምታይበት ቦታ ላይ ስደርስ እኔም ዝም እላለሁ፤ መጽሐፉ ራሱ ሰበብ ይሆነኛል።

አነባበቤንም ልንገራችሁ። ልጆቹን መሬት ላይ አቅርቤ አስቀምጣለሁ። ነጥቧ ከተወጋች በኋላ፣ ገጹን ሳልገልጥ፣ «አሁን መምህሯ ምን የምትላት ይመስላችኋል?» እላለሁ። መልሱ ይጎርፋል። «ትቆጣታለች።» «ድገሚ ትላታለች።» «ዜሮ ትሰጣታለች።» አንዷማ ኮስተር ብላ «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ ትላታለች» አለችኝ። ደግ የሆኑት ደግሞ «በጣም ቆንጆ ነው ትላታለች» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው እኔን ይመስላሉ፣ እኔም እንዳላወቅሁ አልፋለሁ። «ፈርሚበት» የሚል ግምት ግን እስካሁን ከአንድም ልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ገጹ ተገልጦ ሳነብላቸው አንድ አፍታ ጸጥ ይላሉ፤ ልጆቹ መምህር ከሚባል ሰው ምን እንደሚጠብቁ የማውቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ካነበብኩ በኋላ ወረቀት አድላለሁ፤ ከእርሳስ ይልቅ ማርከር እሰጣለሁ። ቫሽቲ የወጋችውም በማርከር ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርሳስ ካለ ላጲስ አለ፣ ላጲስ ካለ ደግሞ ያልታየ ሥዕል አለ። ክፍሌ ውስጥ ወረቀቱ እስኪበሳ የሚያጠፋ ልጅ ነበር። አንድ መስመር ይስላል፣ ያጠፋል፣ ፍርፋሪውን በእጁ ጠረግ ያደርጋል፣ እንደገና ይስላል፤ ደወል ሲደወል ያለው የቆሸሸ ባዶ ወረቀት ነው። ማርከሩን ስሰጠው ከልማዱ ላጲሱን አወጣ፣ ፈተገው፣ እንደማይለቅ አየ። ወረቀቱን ገለበጠው። ቀለሙ ከኋላ ሰርጎ ታይቷል። ወደ እኔ ቀና ብሎ ሌላ ወረቀት ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብሎ የሰረገውን ቀለም ማየት ጀመረ። ከዚያ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረበት፤ ከላይ ሲታይ የጉድጓድ አፍ ነው አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ ብዬ ብጠይቀው «እኔ ልገባበት ነው እንዴ የማውቀው?» አለኝ። ፊርማው ከሥዕሉ ይበልጥ ነበር። በማግስቱ በእርሳስ የሚሠራ ነገር ስንሠራ ላጲሱ ተመልሶ መጣ። አንድ መጽሐፍ አንድን ልጅ በአንድ ቀን ይለውጣል የሚሉትን አትመኑ፤ ያቺን ወረቀት ግን ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ይዟት ይዞር ነበር።

የፊርማው ነገር ከጠበቅሁት በላይ ሥራ የሚሠራ ነው። ስማቸውን መጻፍ ገና የተማሩ ልጆች ለፊርማው ከሥዕሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። ገሚሶቹ የትልቅ ሰው ፊርማ አስመስለው ማንም የማያነበው ጥምዝምዝ ይፈጥራሉ፣ ከሥሩም ሁለት ሰረዝ ይጨምራሉ። አንዷ ደግሞ የጎረቤቷ ሥዕል አምሯት እሱ ላይ ፈረመችና ጠብ ተነሣ። ገላገልኳቸው፤ በልቤ ግን ደስ ብሎኛል። ሰው የእኔ በማይለው ነገር አይጣላም። ስም ወረቀት ላይ የሚጻፈው ለመምህሩ እርማት እንዲያመች ብቻ ከሆነበት ክፍል ወጥቶ ሥራው የእኔ ነው ብሎ ወደ መፈረም መሻገር ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ፍሬሙ ግን መጽሐፉ የማይነግራችሁ አንድ ችግር አለ። የቫሽቲ ክፍል ሲታይ መምህሯና እሷ ብቻ ቀርተዋል፤ እኛ ጋ ግን ክፍሉ ሙሉ ነው። ፍሬሙ ውስጥ የማን ይግባ? የተሻለው ይግባ ካላችሁ ፍሬሙ ሽልማት ሆነ ማለት ነው፤ ሁሌ የሚሸለሙት ልጆች ይወስዱታል። የቫሽቲ ነጥብ እኮ የተሰቀለችው አምራ አይደለም። እኔ ከካርቶን ቆርጬ ወርቃማ ቀለም የቀባሁት አንድ ፍሬም አለኝ፤ ያለ መስታወት ስለሆነ ወረቀት ማስገባትና ማውጣት ይቀላል። ተራው በስም መጥሪያው ነው፣ ከታች ወደ ላይ። ስማቸው በፊደል ተራ መጨረሻ ላይ የሚወድቅ ልጆች በሁሉም ነገር መጨረሻ ስለሚሆኑ በዚህ እንኳ ይቅደሙ። ውጤቱም መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፤ የገዛ ሥራውን ተሰቅሎ ሲያይ «ይሄን ከምትሰቅዪው ሌላ ልሥራልሽ» የማይል ልጅ ጥቂት ነው።

ከመጽሐፉ የማይመቸኝ የመጀመሪያው ነገር የነጭ ድቡ ቀልድ ነው። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ክፍሉም ይስቃል፤ ግን ባዶ ወረቀት ይዞ በሚሳቀቅ ልጅ ላይ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ብትሞክሩት ሌሎቹ ያንን ሳቅ ለሳምንት ይዘውት ይዞራሉ። ሬይኖልድስን ይህ ያመለጠው አይመስለኝም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ክፍለ ጊዜው አልቋልና ቀልዱን የሚሰማ ሌላ ልጅ የለም። ስታነቡ ለልጆቹ ይህንን አሳዩዋቸው፤ ስታስተምሩ ደግሞ ቀልዳችሁን ክፍሉ ባዶ እስኪሆን አቆዩት።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ቫሽቲ ብሩሽ ካነሣች በኋላ የተበላሸ ነገር የላትም። ሁሉም ነጥብ ያምራል፣ ቀለም አይፈስስባትም፣ ወረቀት አይቀደድባትም፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ትርዒት ላይ ናት። በመጀመር ፍርሃት የተያዘ ልጅ ከዚህ ያተርፋል፤ ጀምሮ እየተበላሸበት የሚናደድ ልጅ ግን የራሱን ፊት አያገኝበትም። ለእሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሽሊ ስፓየርስ «ዘ ሞስት ማግኒፊሰንት ቲንግ» ይሻለዋል። እዚያ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ልትሠራ ተነሥታ ደጋግማ ይበላሽባታል፣ ጣቷን ትጎዳለች፣ ትበግናለች፣ ትተወዋለች፤ ከውሻዋ ጋር ዞር ዞር ብላ ስትመለስ ከተበላሹት ውስጥ ደኅና የሆነ ቁራጭ እየለቀመች ትጨርሰዋለች። ሁለቱን በተከታታይ ሳምንት ብታነቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ደራሲውን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2009 ቴሪ ሼይ የተባለ አሜሪካዊ መምህር ይህን መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ካነበበ ወዲህ ያ ቀን ዓለም አቀፍ የነጥብ ቀን ሆኖ በብዙ አገር ይከበራል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ አከባበሩ ላይ ነው፤ ብዙ ቦታ ለልጆቹ የሚታደለው ክብ አስቀድሞ የታተመበት ፎቶ ኮፒ ነው። ልጁ ውስጡን ቀለም ይሞላል፣ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይደረደራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያምራል። ግን የመጀመሪያውን ምልክት ማን አደረገው? የኮፒ ማሽኑ። ለልጁ የተረፈው የማቅለም ሥራ ነው። ከመስመር እንዳይወጣ መጠንቀቅን ደግሞ ያለዚህ መጽሐፍም ስናስተምረው ኖረናል። ባዶ ወረቀት ስጧቸው። ግማሾቹ ነጥብ ላይሠሩ ይችላሉ፣ አንዱ መስመር ያሰምራል፣ አንዱ ይቀደዋል። ግድግዳው አያምርም፤ ለፎቶም አይመችም።

መጽሐፉ ለሥዕል ክፍል ብቻ ነው የሚል ካለ መታሰቢያነቱን ያንብብ። ሬይኖልድስ የሰጠው ለሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ሚስተር ማትሰን ይባላሉ፣ የራሱን ምልክት እንዲያደርግ ያደፋፈሩት እሳቸው ናቸው። የሒሳብ መምህር! ይህን ካየሁ ወዲህ ዘዴውን ወደ ጽሕፈት ክፍለ ጊዜ አዛውሬዋለሁ። «ስለ እረፍታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» ስል ደብተሩን ጨፍኖ የሚቀመጥ ልጅ «አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍና ፈርምበት» ስለው ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሯ «ምንም አልሠራሁም» የምትል ናት። ትሁን፤ ተፈርሞባታል። እኔም «ምንም ሳትሠራ የት ተቀምጠህ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከዚያ ይመጣል።

ስለ አያያዙና መጠኑ፦ መጽሐፉ አነስ ያለ ነው። ሰፊ ክፍል ውስጥ ከፊት ቆማችሁ ከያዛችሁት ከኋላ ያሉት ነጥቧን ላያዩ ይችላሉ፤ ነጥቧ ካልታየች ደግሞ ምን ቀረ? በሁለት ቡድን ከፍላችሁ ማንበብ ይሻላል። ሥዕሎቹ ዙሪያቸው ባዶ ስለሆነ ዓይን አይበታተንም። የእጅ ጽሑፉ ለዓይን ይጥማል፤ ገና ፊደል እየለቀመ ላለ ልጅ ግን በራሱ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስለዚህ የሚነበብለት መጽሐፍ አድርጋችሁ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አጭር አኒሜሽን ፊልምም አለው፣ ደኅና ፊልም ነው። ለክፍል ግን አልመርጠውም። ፊልሙ አይጠብቃችሁም፤ ቫሽቲ ነጥቧን እንደወጋች ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፣ «ወላጅ ይዘሽ ነይ ትላታለች» የምትለዋ ልጅ አፏን ሳትከፍት።

የዚሁ ደራሲ ሁለት ታናናሽ መጻሕፍት አብረው ይነሣሉ። «ኢሽ»፣ «መሰል» እንደማለት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ሬሞን የሚባል ልጅ የትም ሆኖ፣ ያገኘውን ሁሉ መሳል ይወዳል፤ ታላቅ ወንድሙ ሊየን አንድ ቀን በትከሻው አሻግሮ አይቶ ይስቅበታል። ከዚያ ወዲያ ሬሞን ልክ አልመጣ እያለው ወረቀት እየጨመደደ ይጥላል፤ በመጨረሻ እርሳሱን ያስቀምጣል። የጨመደዳቸውን እያነሣች ክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈቻቸው ታናሽ እህቱ ማሪሶል ናት። የሳለው የአበባ ማስቀመጫ ቁርጥ እሱን ባይሆንም እሱን እንደሚመስል ስትነግረው እጁ ይፈታል። በእኔ ግምት ይህ ከሦስተኛና አራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ከ«ዘ ዶት» ይበልጥ ይሠራል። በዚያ ዕድሜ የመምህር ቃል ቦታው እየቀነሰ የጓደኛ ሳቅ እየከበደ ይመጣል፤ በታሪኩ ውስጥም የሚያቆስለውም የሚያድነውም ልጅ ነው። ካነበብን በኋላ አንድ ደንብ አውጥተናል፦ የተጨመደደ ወረቀት ወደ ቅርጫት ከመሄዱ በፊት ሌላ ልጅ ያየዋል። የሚገርም ብዛት ያለው ወረቀት ከቅርጫት ተርፏል፤ ጥቂቱ እውነትም ቅርጫት የሚገባው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ስካይ ከለር» ማሪሶልን ባለታሪክ ያደርጋታል። ለቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ሥዕል ሰማይ ልትቀባ ስትል ሰማያዊ ቀለም የለም፤ ሰማዩን ረጋ ብላ ማየት ስትጀምር ሌላ ቀለም ታገኛለች። ያምራል፣ ግን መልሱ ቶሎ ይገመታል፤ እኔም እንደ ታሪክ ከማነበው ይልቅ ልጆቹን ውጭ አውጥቶ የሰማይን ቀለሞች ለማስቆጠር መነሻ አደርገዋለሁ። ለዚያ ይበቃል።

ሦስቱ በአንድ ሣጥን ታሽገው ይሸጣሉ። ገንዘባችሁ ለሣጥኑ ከበቃ መልካም፤ ካልበቃ ሣጥኑን ትታችሁ «ዘ ዶት»ን ሁለት ቅጂ ግዙ። አንዱ ለንባብ እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ ሌላው መደርደሪያው ላይ ለልጆቹ ይተው፤ ይቀደዳልና አትዘኑበት። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የምታስተምሩ በ«ኢሽ» ጀምሩ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ከሆናችሁ እኔ ብሆን አላመጣውም፤ በዚያ ዕድሜ «የሕፃን መጽሐፍ» ብለው ይንቁታል፣ መልእክቱንም አብረው ይንቁታል። ወላጆች ደግሞ መሳል ለሚፈራ ልጃችሁ «ይኸው፣ አንተን የሚመስል ልጅ አለበት» ብላችሁ እንዳትሰጡት። ሌላ መጽሐፍ መካከል አስገብታችሁ አንብቡለት፣ ስለ ሥዕል ምንም አትጠይቁት፣ ማርከርና ወረቀት በአካባቢው ይኑር።